ለአራቱ የኦሮራ ልጆች፦ ከጠመንጃው በፊት ተሸካሚውን ቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከመካከላችሁ አንዱ «ጋሼ፣ ለኤልክ አደን የትኛውን ጠመንጃ እንግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ አዳኞች ያመጡትን ሥጋ የሚበልት ቤት ውስጥ ለኖረ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ተበላሽቶ የሚጣለው ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጥሩ ጠመንጃ፣ በጥሩ ተኳሽ ከተመታ እንስሳ ነው።

ኤልክ ሚዳቋ አይደለም፤ ግዙፍ የአጋዘን ዘር ነው። የሮኪ ተራሮች ወንዱ ኤልክ ወደ 320 ኪሎ፣ ሴቷ ወደ 225 ኪሎ ትመዝናለች። ከወንዱ አጥንቱ ወጥቶለት የሚገኘው ሥጋ ከ80 እስከ 110 ኪሎ ነው። ጤነኛ ሰው በ3,000 ሜትር ከፍታ፣ መንገድ በሌለበት ጫካ፣ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ተሸክሞ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ጉልበት ይበላል። እንግዲህ አስሉት። ከመኪናው 6 ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን የገደለ ሰው አራት ጭነት ለማውጣት 42 ኪሎ ሜትር ይመላለሳል፤ 24ቱን ተሸክሞ። ለአራት ሰው ግን ያው ኤልክ የአንድ ጊዜ ሸክም ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጉዞ ከመኪናው 3 ኪሎ ሜትር በላይ አትራቁ፤ ከመንገዱ በታች ወዳለ ገደል የወረደውንም አትተኩሱበት። አንድ ኤልክ ከወደቀ የቀሩት ጠመንጃቸውን ያስቀምጡና ቢላዋ ይያዙ።

«በጋሪ እንጎትተዋለን» የሚል አይጠፋም። እንደ ፍላት ቶፕስ ባለ ዊልደርነስ ክልል (በሕግ የተጠበቀ ዱር) ውስጥ ሞተር ብቻ ሳይሆን ጋሪና ብስክሌትም ክልክል ነው። በፈረስ ጭኖ የሚያወጣ ባለሙያ አለ፤ ፓከር ይባላል። ዋጋውን ጠይቃችሁ፣ ቀኑን ቆርጣችሁ፣ ስልኩን ይዛችሁ የምትሄዱት ግን ከከተማ ሳትወጡ ነው። ኤልኩ ከወደቀ በኋላ ተራራው ላይ ኔትዎርክ ፍለጋ የሚዞር ሰው ሥጋውን እያበላሸ ነው።

እስካሁን የሚከነክነኝ አንድ ታፋ አለ። ያመጡት አራት ጓደኛሞች ናቸው፤ ጎበዞች፣ ጨዋዎች፣ ዕቃቸው የተሟላ። ወንዱን ኤልክ የመቱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሆድ ዕቃውን አወጡ፣ መሸ። ሌሊቱ ውርጭ ስለነበረ «ብርዱ ይጠብቀዋል» ብለው ቆዳውን ሳይገፉ በረዶው ላይ ትተውት ወደ ድንኳናቸው ወረዱ። ነገሩ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። የኤልክ ቆዳ ክረምቱን ሙሉ ሙቀት ይዞ የሚያኖር ጋቢ ነው፤ እንስሳው ሲሞት አይወልቅም። በረዶውም ከሥር ያለውን ጎን ከነፋስ ጋርዶ አየር ይከለክለዋል። ጠዋት ሲመለሱ እግሩና ጆሮው ደርቋል፤ የታፋው አጥንት ከዳሌው የሚጋጠምበት ቦታ ግን ለብ እንዳለ ማደሩ አያጠራጥርም። ቢላዋ አልገባበትምና አላወቁም። ከዚያ በጥቁር የቆሻሻ ፕላስቲክ ጠቀለሉት። ፕላስቲክ ሙቀቱንም እርጥበቱንም አፍኖ ያስቀራል። ፒካፑ ላይ ታፋ በታፋ ደራርበው፣ በተመታ በሦስተኛው ቀን አደረሱት።

ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ላዩ የሚያምር ነበር፦ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ምንም ሽታ የሌለው። ቢላዋው የጭኑን አጥንት ይዞ ሁለት ጣት ያህል ሲወርድ ሽታው መጣ፤ ጎምዛዛ፣ የሚያቅለሸልሽ። በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሥጋ አረንጓዴ የተቀላቀለበት ግራጫ ሆኗል፤ ሲነኩት ይዝለገለጋል። ሌላኛው ታፋም እንደዚያው። ወርቾቹ ቀጠን ስለሚሉ ቶሎ ቀዝቅዘው ተርፈዋል፣ ሽንጡም ተረፈ። ብዙው ሥጋ ግን ታፋው ላይ ነው። አንደኛው ልጅ «ግን እኮ በረዶ ነበር» አለ፤ ማንም አልመለሰለትም። ማታውኑ ቆዳውን ገፈው ታፋዎቹን ቢነቅሉ፣ ቢያቅታቸው እንኳ በውስጥ በኩል እስከ አጥንቱ ቢሰነጥቁት፣ ሁሉም ይበላ ነበር።

የሚደረገው ይህ ነው። ሆድ ዕቃውን ሳትከፍቱ በጎኑ አስተኙት፤ የላይኛውን የኋላ እግር በገመድ ከዛፍ ጋር ወጥሩ። ቆዳውን ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ በአከርካሪው ላይ ሰንጥቃችሁ ወደ ታች ግፈፉ። ወርቹ ከጎድኑ ጋር በአጥንት አልተያያዘም፤ ብድግ አድርጋችሁ ከሥሩ ስትቆርጡ ይነሣል። ታፋው ግን መጋጠሚያ አለው፤ ቢላዋውን አስገብታችሁ ጅማቱን ስትበጥሱ ይላቀቃል። ሽንጡን፣ የአንገቱን ሥጋ አውጡ። ጭቅናው ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ባለው ክፍተት በእጅ ይወጣል፤ እዚህ ላይ አንጀት እንዳትወጉ። ከዚያ ገልብጣችሁ በሌላው ጎን ድገሙት። የፆታው ምልክት (ብልቱ ወይም ጡቷ) ከአንዱ ታፋ ጋር ተያይዞ ይቅር፤ ሕጉ ነው። አራቱን እግር፣ ሽንጡንና ጭቅናውን ትቶ መሄድም ያስከስሳል። ሥጋው አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ገብቶ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ ይሰቀል። ጥቁር ድብ ስላለ ከድንኳኑ 100 ሜትር ይራቅ።

ገና የሚተነፍስ ኤልክ ላይ «በስመ አብ ብዬ ልረደው» ብላችሁ ቢላዋ ይዛችሁ አትጠጉ። ቀንዱ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ ጥይት ጨምሩ። ኤልክ ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው፤ በጥይት የሞተውን ስለ መብላት ግን ክርስቲያኑ የንስሐ አባቱን፣ ሙስሊሙ ኢማሙን ከመሄዱ በፊት ይጠይቅ። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም በሶ አለለት። እውነቱን ለመናገር ለማይጾመውም በሶና ቆሎ እናንተ ከሱቅ በውድ ከምትገዙት የደረቀ ፓስታ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ እሳት አይፈልግም። የዛሬ ልጆች ዕቃ መግዛት ዝግጅት ይመስላችኋል፤ የዛሬ ልጆች ስል ደግሞ ልብሳችሁ ከእኛ ዘመን ይሻላል፤ እሱን አልነቅፍም። ጂንስ ግን አትልበሱ፤ ከረጠበ ሌሊቱን አይደርቅም።

«አዲስ አበባ ያደግን ነን፣ ከፍታ አንፈራም» የምትሉትም አይሠራም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ነው፤ አሁን የምትኖሩበት የደንቨር አካባቢ ግን 1,600፣ ካምፓችሁ 2,700 ወይም 3,000 ሊሆን ነው። ደጋውን ለቆ ዓመታት የቆየ ሰውነት የድሮውን አያስታውስም። ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውጡና እደሩ።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር፦ ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ሽቅብ ይወጣል፣ ማታ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ በማለዳ ከላይ ወደ ታች ብትመጡ ሽታችሁ ቀድሟችሁ ይደርሳል።

ሕጉን በአጭሩ። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ ለተወለደ፣ በመደበኛው፣ የአዳኝነት ኮርስ ሳይጨርስ ፈቃድ አይሰጠውም። የነዋሪ ዋጋ ለማግኘት ኮሎራዶ ስድስት ወር መኖር ያስፈልጋል። አንዱ በሌላው ፈቃድ መግደል ክልክል ነው፤ ቅርጫው በኋላ ነው፣ ጥይቱ የየራስ ነው። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች አንጸባራቂ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ፣ ከነባርኔጣው፣ ትለብሳላችሁ። በብዙ ክልል ወንዱን ለመምታት በአንዱ ቀንዱ ላይ ቢያንስ አራት ጫፍ ወይም ቢያንስ 5 ኢንች የሆነ የግንባር ጫፍ ሊኖረው ይገባል። ቆጥራችሁ ካልጨረሳችሁ ጣታችሁ ከምላጩ ይራቅ።

ስለ ጠመንጃ ማውራት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ካልመለስኩ የጠየቀኝ ልጅ ያኮርፋል። የ270 ወይም የ308 ካሊበር ይበቃል። ያገለገለም ቢሆን ግዙና የተረፈውን ገንዘብ ለጥይትና ለልምምድ አውሉት። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሳህን በ200 ያርድ ላይ ተንበርክካችሁ፣ አምስት ጥይት ተኩሳችሁ በአምስቱም ካልመታችሁ በዚያ ርቀት ኤልክ ላይ አትተኩሱ። ስልካችሁ ላይ በ600 ያርድ ሲገድሉ የምታዩአቸው ሰዎች ያቆሰሉትን አያሳዩዋችሁም።

የመጨረሻው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ጭቅናውን በሚጥሚጣ ለመቁረጥ እጃችሁ እንደሚያሳክካችሁ አውቃለሁ። አትቁረጡ። የአንጀት ተሕዋስና ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል። ሌላም አለ፦ ሲ.ደብሊው.ዲ. የሚባለው፣ የአጋዘን ዘርን የሚገድል የአንጎል በሽታ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ነው። ሰውን መያዙ አልተረጋገጠም፤ የጤና ባለሥልጣናት ግን የተገኘበትን እንስሳ እንዳትበሉ ይመክራሉ፣ መቀቀልም አያጠፋውም። ጭንቅላቱን ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሰጥታችሁ አስመርምሩ። ሁለት ኤልክ ከመጣ ሥጋቸውን አታደባልቁ፤ እያንዳንዱ ፓኬት ላይ የየትኛው እንደሆነ ጻፉበትና ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። ውጤቱ ንጹሕ ሲሆን መደቡን መድቡ፣ ዕጣ ጣሉ፣ ቋንጣውንም ያኔ ዘልዝሉ።