ሁለት ንግሥት ይዞ ካርታ መጣል ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ በቴክሳስ ሆልደም ፖከር (እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይዞ የሚወራረድበት ጨዋታ) ሁለት ንግሥት ደረሱኝና ውርርዱን ከፍ አደረግሁ። ለሰዓታት ካርታውን እየጣለ (ውርርዱን ትቶ ከዙሩ እየወጣ) የቆየ ተጫዋች ግን በላዬ ጨምሮ ያለውን ሁሉ አስያዘ። ተቀብዬ ገጠምሁትና ሁለት ንጉሥ ይዞ ኖሮ ተሸነፍሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዕድል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ውርርዱን ከፍ ማድረግዎ ትክክል ነበር፤ የተሳሳቱት ተቀብለው ሲገጥሙ ነው። ቁጥብ ተጫዋች ያለውን ሁሉ የሚያሲዘው ሁለት አስ፣ ሁለት ንጉሥ ወይም አስና ንጉሥ ሲደርሰው ብቻ ነው ብለን እናስብ። ሁለቱ ጥንዶች እያንዳንዳቸው በ6 መንገድ፣ አስና ንጉሥ ደግሞ በ16 መንገድ ሊደርሱት ይችላሉ። ከጥንዶቹ ጋር ሲገጥሙ የሚያሸንፉት ከ5 ጊዜ 1 ጊዜ ገደማ ሲሆን፣ አስና ንጉሥን ግን ከግማሽ ትንሽ በሚበልጥ ዕድል ይቀድማሉ። ሁሉም ሲደመር የማሸነፍ ዕድልዎ 40 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሰውየው በአስና ንጉሥ የማይደፍር ከሆነ ደግሞ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በመሃል የተሰበሰበው ገንዘብ እርስዎ ከሚጨምሩት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ካልሆነ፣ ቢያሳዝንም መጣል ነበረብዎት።

ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው ትንሽ ነው፤ እርስዎ ከፍ ሲያደርጉ እርሱ ስለሚጥል፣ ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ ያስያዘው ገንዘብ ለእርስዎ ይቀራል። ሁለት አስ ሲደርስዎት ግን ያለ ፍርሃት ይግጠሙ፤ ከሁለት ንጉሥ ጋር እንኳ 82 በመቶ ያህል የማሸነፍ ዕድል አለዎት።