በሩን ዝጉና ጨለማው ውስጥ ቁሙ

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ «ከዚራ» የሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ሳለ አንዲት የኢኮኖሚክስ ተማሪ «ጋሼ፣ ግን ኤክስፖርት ለአገር የሚያስገባው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የመጽሐፉን መልስ እሷ ከእኔ የተሻለ ታውቀዋለች፤ ነዳጁም መድኃኒቱም የመኪናው ጎማም በዶላር ነው የሚገዛው። ለእኔ ትዝ ያለኝ ግን አንድ የሻገተ ኮንቴነር ነው።

የሐረር ቡና ነበር። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሆነ 320 ጆንያ፣ በድምሩ 19.2 ቶን። መለኪያው 13 በመቶ እርጥበት አሳየ። ከ12.5 በላይ መላክ እንደሌለበት የዘርፉ ሰው ሁሉ ያውቃል። መርከቡ ደርሶ ስለነበር «ግማሽ ነጥብ ምን ያደርጋል?» ተባለና እንዲጫን ፈረምኩ። ሒሳቡን ያኔ አልሠራሁትም። 1 በመቶ ማለት 192 ኪሎ ውሃ ነው። በ13 በመቶ ደግሞ ኮንቴነሩ ውስጥ ወደ 2.5 ቶን ውሃ ተጭኗል ማለት ነው።

ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የቆመ ብረት ሲግል ውሃው ከፍሬው እየወጣ አየሩን ይሞላዋል። መርከቡ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ ስዊዝን አልፎ የአውሮፓ ክረምት ውስጥ ሲገባ ጣሪያው ይቀዘቅዛል። ያኔ እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው ሥር እንደሚያልበው፣ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ያሉት ጆንያዎች ሻገቱ። የሐረር ቡና ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ስለሆነ የሚፈለገው ለዚያ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ለሚል ሽታው ነው፤ ሻጋታ ሲገባበት ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው።

ገዢው ከዋጋው ቀነሰ። እዚህ ግን ለገበሬው፣ ለለቃሚዎቹ ሴቶች፣ ለጭነቱ በብር የወጣው ሁሉ ወጥቷል፤ የጎደለው ዶላሩ ብቻ ነው። ቀጥሎም ገዢው የሚጠራጠረው ላኪውን ብቻ አይደለም፤ «ሐረር» የሚለውን ስም ነው። ጨርጨር ተራሮች ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ላይ አገላብጦ ያደረቀው ገበሬ የእኔን ፊርማ ዕዳ ከፈለ። ለልጅቷ የመለስኩላት ይህን ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የዚህ ንግድ ልጅ ናት። ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከተማዋም ዙሪያውን በቀለች። የአወዳይ ጫት ነጋዴ እርጥብ ዕቃ ስለሚይዝ ሰዓት ያውቃል፤ ዛሬ ካልደረሰለት ነገ ጠውልጓል። ቡና ግን ታጋሽ መስሎ ያታልላል።

የዛሬ ወጣቶች የኒውዮርክን የቡና ዋጋ በስልካችሁ ታያላችሁ፣ እጃችሁን ጆንያ ውስጥ ግን አትከቱም። እርግጥ እኛ ዋጋውን የምንሰማው ዘግይተን ነበር፤ ስንቱ ገበሬ በዚያ ተጎዳ። እሱን አልክድም። የሚያናድደኝ ቡናን በኪሳራ ሽጦ፣ በዶላሩ ዕቃ አስገብቶ፣ ዕቃውን በውድ ሸጦ ማካካስን እንደ ብልጠት የሚያወሩ መኖራቸው ነው። በቡና ብቻ የሚኖረውን ላኪ ከገበያ ያስወጣሉ።

ናሙና ከጆንያው አፍ ብቻ አትውሰዱ፤ ሹሉን ቱቦ መሃሉና ታቹ ድረስ ስደዱት። ከፀሐይ የመጣ ትኩስ ፍሬ መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ተከድኖ ይብረድ፣ ከዚያ ለኩ። የኮንቴነሩን ግድግዳና ጣሪያ ወፍራም ወረቀት አልብሱ፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ስቀሉ፣ የእንጨቱን ወለልም ለኩት፤ የታጠበ ወለል ለሳምንታት ውሃ ይይዛል። ኮንቴነሩ ቀድሞ ቆዳ የጫነ ከሆነ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ውጭ ሰው አቁማችሁ ኮንቴነሩ ውስጥ ግቡ። በሩን አስዘጉና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ቁሙ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካያችሁ በዚያው ውሃ ይገባል። ኮንቴነሩን መልሱት። ሾፌሩ ይቆጣል፤ ይቆጣ።