አባቴ ከቤት አልወጣ አለኝ

ጥያቄ፦ አባቴ 72 ዓመቱ ነው። ጡረታ የወጣው ከምድር ባቡር ነው፤ ብረት ሠራተኛ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ የእድር ስብሰባ ተወ። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ከጓደኞቹ ጋር መቀመጥም ቀረ። ቲቪ ከፍቶ ይውላል። «ተዉኝ፣ ደክሞኛል» ነው መልሱ። ምግብ አላጎድልበትም፣ ልጆቼም አጠገቡ ናቸው። ምን ላድርግ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ለአባትሽ የምታደርጊላቸውን ሁሉ ጽፈሻል። እሳቸው ለእናንተ የሚያደርጉት ነገር ግን ደብዳቤሽ ላይ የለም። ችግሩ እዚያ ይመስለኛል። ድሬ እ.ኤ.አ. በ1902 በባቡሩ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የምድር ባቡር ሰው በሙያው ነው የሚታወቀው። ሥራውም ሚስቱም ከሄዱ በኋላ ቤት ቢሞላም ሰው ብቸኛ ይሆናል። በነርስነቴ ብዙ አይቻለሁ። ብቸኝነት ደግሞ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል።

መጀመሪያ ጆሯቸውን አስመርምሪ። ዕድሜውን በብረት ጩኸት መሃል ያሳለፈ ሰው መስማት ቢያቅተው አይገርምም። በስብሰባ መሃል ደጋግሞ «ምን አላችሁ?» ማለት ያሳፍራል፤ መቅረት ይቀላል። የቲቪው ድምፅ ከፍ ብሏል? ልብ በይ። አንዳንዴ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ «ውጡና ተናፈሱ» ማለቱን ተይው። የእድሩን ዳኛ አናግሪ። እግሩ የተጣመመ የብረት ወንበር የሌለው እድር አላውቅም! ዳኛው ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ «ይጠግኑልን» ብሎ ይለምናቸው። የልጅን ልመና እንቢ ይላሉ፤ የእድር ዳኛን ግን ይከብዳቸዋል። ልጅሽ መሣሪያ ያቀብላቸው። ሥራው ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የድሬን ፀሐይ ታውቂዋለሽ።

የእናትሽንም ስም አትሽሹ። እንዳይከፋቸው ብላችሁ ዝም ስትሉ፣ ሐዘኑን ለብቻቸው ትተዉባቸዋላችሁ። ቡና ላይ አንሷት።

አሁን በጣም የማሳስብሽ፦ ድባቴ የሚታከም ሕመም ነው፤ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሏቸው 2 ሳምንት ካለፈ አሳክሚያቸው። «ሞቴን ባመጣው» ማለት ከጀመሩ ግን ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው። ሐኪሙ ጋ አብረሽ ግቢ። ብቻቸውን ከገቡ «ደህና ነኝ» ብለው ይወጣሉ።