«2 ሚሊሜትር» ሲባል ሳይወጣ የቀረ ካንሰር አለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። አባቴ የቶንሲል ካንሰር ተገኝቶባቸው በሮቦት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሙ «ሁሉንም አውጥቼዋለሁ» አለን። በኋላ የመጣው የፓቶሎጂ ውጤት ግን «ጠርዙ ንጹሕ ነው፣ ግን ቅርብ ነው፤ 2 ሚሊሜትር» ይላል። አሁን ደግሞ ጨረር ያስፈልጋል ተባልን። ማንን እንመን? ሮቦቱስ ታዲያ ምን ሠራ?

መልስ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሁለቱንም እመኑ፤ ሐኪሙ የነገራችሁ በዓይኑ ያየውን ነው፣ ወረቀቱ ደግሞ በማይክሮስኮፕ የታየውን።

ቀዶ ሐኪም ዕጢውን የሚያወጣው በዙሪያው ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር ነው። የተበላሸ ድንች ሲላጥ ከደህናውም ትንሽ እንደሚነሣው ማለት ነው። የፓቶሎጂ ባለሙያው የወጣውን ሥጋ ውጪውን በቀለም ይቀባና በስሱ ይቆርጠዋል። ከዚያ ከመጨረሻው የካንሰር ሕዋስ እስከ ቀለሙ ያለውን ርቀት ይለካል፤ «ጠርዝ» የተባለው ይህ ነው። ካንሰሩ ቀለሙን ከነካ «ፖዘቲቭ» ይባላል። የአባትዎ አልነካም።

2 ሚሊሜትር ትንሽ ነው? ምላስ ላይ ቢሆን አዎ፤ እዚያ የሚፈለገው 5 ነው። ከቶንሲል ሥር ግን ያለው ስስ የጉሮሮ ጡንቻ ነው። ከእሱ ወዲያ ስብ፣ ብዙም ሳይርቅ ትልቁ የአንገት ደም ቧንቧ። 5 ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ሥጋው በሚቆርጠው መሣሪያ ሙቀትና በፎርማሊን ይኮማተራል። ወረቀት ላይ 2 የሆነው አፍ ውስጥ እያለ ሰፋ ይል ነበር።

ሮቦቱ በራሱ አይቆርጥም፤ የሚያንቀሳቅሰው ሐኪሙ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተፈቀደው በ2009 መጨረሻ ነው። ትልቁ ጥቅሙ በአፍ በኩል መግባቱ ነው፤ ድሮ ብዙ ጊዜ መንጋጋ ይሰነጠቅ ነበር። አጉልቶ ያሳያል እንጂ ሕዋስ አያይም።

ጨረሩ የታዘዘው ካንሰር ስለቀረ ሳይሆን እንዳይመለስ ነው። በ2022 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በኤችፒቪ ቫይረስ የመጣ የጉሮሮ ካንሰር ኖሯቸው በሮቦት ወይም በሌላ መንገድ በአፍ በኩል ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን ሰዎች ተከታትሏል። ጠርዛቸው ከ3 ሚሊሜትር በታች የሆነ ወይም ጥቂት የአንገት ንፍፊቶቻቸው የተነኩ ሰዎች ከፊሎቹ 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ከፊሎቹ 60 ግሬይ ጨረር ወሰዱ። ከ2 ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ነበሩ። በዝቅተኛው መጠን ምግብ የመዋጥ ችግር ያንሳል፤ ስለዚህ «ለአባቴ 50 ይበቃል ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

እግረ መንገድዎን ሦስት ነገር ያጣሩ፦ ካንሰሩ የኤችፒቪ ነው ወይ? ስንት ንፍፊት ተነካ? ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ወጥቷል ወይ? በደንብ ጥሶ ከወጣ ኬሞ ሊጨመር ይችላል።

ጨረሩ ከቀዶ ጥገናው በ6 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ከዚያ በፊት የጥርስ ሐኪም ይያቸው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከአፋቸው ደም ከመጣ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ቆመ ብላችሁ እቤት አትቀመጡ፤ 911 ደውሉ።