ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ጥቂት ድምፅ ቅኝቶችና ስለ ጥንታዊ አቃኛኘት ብዙ ጠይቃችሁኛል። በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለምን አምስት ድምፅ? ለምን ስድስት አልሆነም?

በሦስትና በአራት ድምፅ የሚሄዱ ዜማዎችም አሉ። አምስቱ ግን ጆሮ ብቻውን ቶሎ የሚያገኛቸው ናቸው። አንድ ክር ግማሹ ላይ ስትይዙት ኦክታቩን፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ፣ ይሰጣችኋል። ሁለት ሦስተኛው ብቻ እንዲነዝር ካደረጋችሁ ደግሞ ከመነሻዋ ስትቆጠር አምስተኛዋ ድምፅ (ከዶ ሶል) ትመጣለች፤ 3 ለ 2 የሚባለው ይህ ነው። ከዶ ተነሥታችሁ በዚሁ ርቀት አራት ጊዜ ዝለሉ፦ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። ወደ አንድ ኦክታቭ ሰብስቧቸው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ሆኑ። አንድ ዝላይ ብትጨምሩ ሲ ትመጣና ከዶ ጋር ግማሽ ድምፅ ብቻ ትራራቃለች፣ ያ የተረጋጋ ስሜት እዚያው ላይ ይደፈርሳል።

ጥያቄ፦ ይህን ያገኘው ፓይታጎረስ ነው አይደል?

ስሙ ተያያዘ እንጂ የእሱ ብቻ አይደለም። ጓንዚ የተባለው የጥንት ቻይናውያን ጽሑፍ ከ81 ይነሣል፤ ቁጥሩን እንደ ክር ርዝመት ውሰዱት። ሲሶ ሲጨመርበት 108፣ ከዚያ ላይ ሲሶ ሲቀነስ 72፣ እንደገና ሲጨመር 96፣ ሲቀነስ 64። አምስት ድምፅ፣ አንድም ክፍልፋይ የለም! 81 አራት ጊዜ ለሦስት ስለሚካፈል ነው፤ እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር እደነቃለሁ።

ጥያቄ፦ በቱነር (በመቃኛ መሣሪያ) ብቃኝ ምን ይጎድልብኛል?

ሶል ላይ ምንም ማለት ይቻላል። በሴንት (የኦክታቭ 1200ኛ ክፍል) ስንለካ ንጹሑ ከዶ 702 ሴንት ነው፣ የቱነሩ 700። ጉዳዩ ያለው ሚ ላይ ነው። በአራት ዝላይ የምትገኘው ሚ 408 ሴንት ላይ ናት፣ የቱነሩ 400 ላይ፣ ከዶ ጋር አብራ ስትመታ ሳትንቀጠቀጥ የምታርፈው የ5 ለ 4ቷ ደግሞ 386 ላይ። ድምፆቹ ጥቂት ሲሆኑ እያንዳንዱ ደጋግሞ ስለሚመጣና የሚሸፍነው ስለሌለ የ22 ሴንት ልዩነት በደንብ ይሰማል። ለነጠላ ዜማ 408ን እመርጣለሁ፣ ብሩህ ናት። ሁለት ድምፅ አብራችሁ የምታሰሙ ከሆነ ግን 386።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ድምፅ ሁሉ አንድ ነው?

በፍጹም። ስሌንድሮ የተባለው የጃቫ (ኢንዶኔዥያ) ቅኝት ኦክታቩን ወደ 240 ሴንት በሚጠጉ አምስት ርቀቶች ይከፍላል፣ ልኩም ከአንዱ ጋሜላን (የአገሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ) ወደ ሌላው ይለያያል።

ጥያቄ፦ 12 ጊዜ ብዘልስ ወደ ዶ እመለሳለሁ?

አትመለስም፣ በ23.5 ሴንት ገደማ ታልፋታለህ። አምስት ድምፅ ላይ ለሚቆም ሰው ግን ይህ ችግር አይነካውም።

ጥያቄ፦ በጆሮ ለመቃኘት ከየት ልጀምር?

ዶና ሶልን አብረህ ምታ፣ መንቀጥቀጡ እስኪጠፋ ሶልን በቀስታ አጥብቅ ወይም አላላ። ቀጥለህ ሬን ከሶል፣ ላን ከሬ። ሚን መጨረሻ ላይ ከላ ጋር ቃኛት።