ይከፈት ወይስ ይቀመጥ? ስለ ቪንቴጅ ፖርት ላካችሁልኝ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። ሰሞኑን ስለ ፖርት ወይን የሚጠይቅ መልእክት በዝቶብኛል። ነገሩ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፣ "ይሄ ሃያ ዓመት መቀመጥ አለበት" ብሎ ይመለሳል፣ ከዛ ጠርሙሱ ቡፌ ላይ ቁጭ ብሎ ባልና ሚስት ያከራክራል። ስለዚ የዛሬውን ሙሉ ለሱ ልስጠው ብያለሁ። ጥያቄዎቻችሁን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

"ጋሼ፣ ወንድሜ ፖርቱጋል ነው የሚኖረው። ለጥምቀት ሲመጣ በፈረንጅ የ2017 ቪንቴጅ ፖርት ሁለት ጠርሙስ አመጣልን። ባለቤቴ ለፋሲካ እንክፈተው ይላል፣ ወንድሜ ደሞ በፈረንጅ እስከ 2040 እንዳትነኩት ብሎናል። የማንን ልስማ?" (ከዲያስፖራ ሰፈር)

እህቴ፣ ወንድምሽ ያለው ልክ ነው፣ ግን የተናገረው ስለ ወይኑ ነው እንጂ ስለ ቤትሽ አይደለም። መጀመሪያ ይሄ መጠጥ ምን እንደሆነ ልንገርሽ። በሰሜን ፖርቱጋል ዶሮ የሚባል ወንዝ አለ (ስሙ ከኛ ዶሮ ጋ መግጠሙ አጋጣሚ ነው)፣ በሱ ሸለቆ የሚበቅለው ወይን ተጨምቆ እየፈላ እያለ ስኳሩ ሳያልቅ 77 ፐርሰንት አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨምሩበትና መፍላቱን ያቆሙታል። ለዛ ነው የሚጣፍጠውም፣ 20 ፐርሰንት ገደማ አልኮል ያለውም። ቪንቴጅ የሚባለው ደሞ ጥሩ ከተባለ ከአንድ ዓመት ምርት ብቻ ተሰርቶ በርሜል ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ሳይጣራ ጠርሙስ የሚገባው ነው፣ ቀሪ እድሜውን የሚጨርሰው ጠርሙሱ ውስጥ ነው። አዲስ ሲሆን ቀለሙ ብርጭቆውን ያጠቁረዋል፣ የጥቁር እንጆሪ ጣዕሙ ኃይለኛ ነው፣ ከኋላ ደሞ ያልበሰለ ሙዝ ስትበዪ ምላስ የሚይዘው ዓይነት ነገር አለ፣ ታኒን ይሉታል። ሃያ ዓመት የሚጠበቀው ያ ታኒን እስኪለዝብና ስኳሩ፣ አልኮሉ፣ ፍሬው ተዋህደው አንድ እስኪሆኑ ነው።

ግን ልጅ እያለ መጠጣት ነውር አይደለም። እንደኔ እንደኔ ገና የአምስትና የስድስት ዓመት ሆኖ ፍሬው ሳይደበዝዝ የተከፈተ ቪንቴጅ በሌላ እድሜው የማይገኝ ጣዕም አለው፣ ሽማግሌው ፖርት ያንን አይሰጥሽም፣ ሌላ ነገር ነው የሚሰጥሽ። 2017 አሁን ያንን እድሜ አልፏል፣ ቢሆንም ይጠጣል። ስለዚ አንዱን ለፋሲካ ክፈቱት፣ ባለቤትሽ ደስ ይበለው። ብቻ ጠዋት ከፍታችሁ ወደ ጆግ ገልብጡትና ለማታ ጠጡት፣ አየር ካላገኘ አፍ ይዘጋል። ሁለተኛውን የሚወስነው የምታስቀምጪበት ቦታ ነው፣ እሱን ቀጥሎ ላለው ጠያቂ እመልሳለሁ።

"ምድር ቤት የለኝም። ቤቴ ብሎኬት ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፍሪጅ ውስጥ ላስቀምጠው? ወይስ ቁም ሳጥን?" (ከሽምብጥ)

ወንድሜ፣ ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምፈልገው፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንድ ጠርሙስ አበላሽቼበታለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ወዳጄ ከጉዞ ሲመለስ ቪንቴጅ ሰጠኝ፣ አስረኛ ዓመቱን ሲይዝ አብረን እንጠጣዋለን ተባብለን ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ልክ ከኮርኒሱ ስር አስቀመጥኩት፣ ከሰው እጅ እንዲርቅ ብዬ ነው። በአራተኛው ዓመት ቤት ቀለም ስናስቀባ ሳወርደው እጄ ተጣበቀ። የአንገቱን ሽፋን ስልጠው ቡሹ የጥፍር ያህል ወደ ላይ ወጥቷል፣ ከጎኑ ደሞ እንደ ማር የወፈረ ጥቁር ነገር ወርዶ ደርቋል። ስቀዳው ጠርዙ ቡኒ ሆኗል፣ የሚሸተው ድስት ላይ ተረስቶ ያረረ ስኳር ነው። ያ ወዳጄ እዛው ዓመት ላይ አርፎ ነበር። ወይኑ አስር ዓመት አልደረሰም፣ እሱም አልደረሰም፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ ቪንቴጅ ፖርት የሚወደው ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ያለ፣ ጨለማ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ቡሹን የማያደርቅ እርጥበት ያለው ቦታ ነው፣ ጠርሙሱም ተጋድሞ። ባህር ዳር ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ ሌሊቱ ደህና ነው፣ ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀትር ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ይገባል፣ ቆርቆሮ ስር ደሞ ከዛም በላይ ነው። ከሙቀቱ የሚብሰው ቀን መጋሉ ሌሊት መቀዝቀዙ ነው፣ ወይኑ ሲሞቅ ያብጣል ሲበርድ ይሟሽሻል፣ ቡሹን ያዳክምና አየር ያስገባል። ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ይሄን በደንብ ያውቁታል። የዶሮ ሸለቆ በጋው እሳት ነው፣ እዛ የቆየ ወይን የመቃጠል ጣዕም ይመጣበታል ብለው ድሮ በርሜሉን ራቤሎ በሚባል ጀልባ ጭነው በወንዙ ወደ ባህሩ ዳር ያወርዱት ነበር፣ ከፖርቶ ከተማ ፊት ለፊት ቪላ ኖቫ ዴ ጋያ የሚባል ቀዝቃዛ ቦታ ላይ መጋዘን ሰርተው እዛ ነው የሚያቆዩት። እኔ ጣና ላይ ታንኳ እንጨት ጭኖ ሲመጣ ባየሁ ቁጥር ያ ነው ትዝ የሚለኝ። ወይኑ አገር ያሉት ሰዎች ሙቀቱን ሸሽተው ቦታ ካዘዋወሩት እኛ ቆርቆሮ ስር ሃያ ዓመት እናቆያለን ማለት አንችልም።

ፍሪጅ ለጥቂት ወር ይሆናል፣ ለዓመታት ግን አይሆንም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቡሹን ያደርቃል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ደሞ ሙቀቱ ይወጣል ይወርዳል። ቤት ውስጥ ጥሩ የምለው ፀሐይ የማያገኘው ክፍል፣ ወለሉ ላይ፣ አልጋ ስር፣ በካርቶንና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። እንደዛም ሆኖ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ አልመክርም።

ረጅም ማስቀመጥ ለሚፈልግ ግን እኛ ጋ ሌላ መላ አለ፣ ደጋ ያለ ዘመድ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከዚህ የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። እዛ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ቤት ያላት አክስት ያለው ሰው ጓዳዋ ውስጥ ጨለማው ጋ ቢያጋድምላት ከኔም ካንተም ቤት አስር እጅ ይሻላል። ይዘኸው ስትሄድ ጠዋት በብርዱ ሂድ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተኸው ምሳ እንዳትበላ። የዲያስፖራ ሰፈሯ እህቴም ሁለተኛውን እንዲህ ታድርገው፣ ደጋ ዘመድ ከሌላት ግን እሱንም በሁለት ዓመት ውስጥ ትክፈተው።

"ሆቴል ውስጥ ነው የምሰራው። አንድ እንግዳ ትቶልን የሄደውን የ2011 ቪንቴጅ ከፈትነው፣ 2011 ምርጥ ዓመት ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር፣ ግን ምንም ሽታ የለውም፣ አልኮልና መራራ ብቻ። ተበላሽቷል?" (ከጊዮርጊስ አካባቢ)

የተበላሸ አይመስለኝም፣ የተበላሸማ ይሸታል። ቪንቴጅ ፖርት መሃል እድሜው ላይ የሚዘጋበት ጊዜ አለው። መጀመሪያ ላይ ፍሬው ይፈነዳል፣ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ዝም ይላል፣ ከአስራ አምስት ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይናገራል። ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፣ ግን ያለነገሩ አይደለም ሰው "ወይ ቶሎ ጠጣው ወይ ብዙ ጠብቀው፣ መሃል ላይ አትክፈተው" የሚለው። 2011 እውነትም በጣም የተመሰገነ ዓመት ነው፣ ስለዚ አትድፉት፣ ጆግ ውስጥ ገልብጣችሁ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጡና ነገ ማታ ቅመሱት፣ አንዳንዴ በማግስቱ ሌላ ወይን ሆኖ ይጠብቃል።

"ልጃችን የተወለደችው ሚያዝያ 2009 ነው። የተወለደችበትን ዓመት ፖርት ገዝተን ስትመረቅ ልንከፍትላት አስበናል፣ ግን 2009 የሚል ጠርሙስ ማግኘት ከበደን።" (ከቀበሌ 14)

እሰይ ሳትገዙ ጠየቃችሁኝ! ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት የፈረንጅ ነው። ሚያዝያ 2009 በነሱ 2017 ነው፣ ስለዚ የምትፈልጉት 2017 የሚለውን ነው። በኛ 2009 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ 2016 ይሆናል፣ ከታኅሣሥ 23 ወዲህ ያለ 2017። እድለኞች ናችሁ ደሞ፣ የፖርት ቤቶች (አምራቾቹ ማለቴ ነው) ቪንቴጅ የሚያውጁት በየዓመቱ አይደለም፣ በአስር ዓመት ውስጥ ሦስቴ ገደማ ነው፣ 2016ና 2017 ግን አብዛኞቹ ትልልቅ ቤቶች በተከታታይ አውጀዋል፣ ይሄ ብዙ የማይታይ ነገር ነው። ቴይለርስ፣ ግራሃምስ፣ ፎንሴካ፣ ዳውስ፣ ዋርስ የሚሉትን ስሞች ፈልጉ።

ማስቀመጡን ግን እዚህ አታድርጉት። ልጅቷ ብትመረቅ ገና በኛ ከ2030 በኋላ ነው፣ ይሄ ሁሉ ዓመት የባህር ዳር ቤት አይችለውም። ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ገዝቶ እዛው ቀዝቃዛ ቦታ ያቆይላችሁ፣ ለምረቃዋ ይዞት ይምጣ። ትንሿን ግማሽ ጠርሙስም እንዳትገዙ፣ ቶሎ ነው የምታረጀው፣ ሙሉውን ግዙ።

"የኔው ላይ 'ታውኒ 20' ይላል። ሌላ ሃያ ዓመት ልጨምርለት?" (ከዘጌ)

አይ፣ አትጨምርለት። ታውኒ እድሜውን በርሜል ውስጥ የጨረሰ ነው፣ ጠርሙስ ከገባ በኋላ አይሻሻልም፣ ተጣርቶ ለመጠጣት ተዘጋጅቶ ነው የወጣው። 20 ያለው የጣዕሙን እድሜ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በዛሬው ሳምንት ክፈተው፣ ትንሽ ቀዝቀዝ አድርገህ ከቡና በፊት በለውዝ ጠጣው፣ ዘጌ ሆነህ ቡናውን እኔ አልመክርህም። ሌሎቻችሁም እዩ፣ ሌብሉ ላይ ሩቢ፣ ታውኒ የሚል ካለ አታስቀምጡ፣ ኤል ቢ ቪ (ዘግይቶ የታሸገ ቪንቴጅ ማለት ነው) የሚለውም በርሜል ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆይቶ የወጣ ስለሆነ አብዛኛው አሁን የሚጠጣ ነው። ኮልሄይታ የሚለው ደሞ ዓመት ስለተጻፈበት ቪንቴጅ ይመስላል፣ ግን የአንድ ዓመት ታውኒ ነው። ሌላው ምልክት ቡሹ ነው፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ ቆብ ያለው በእጅ የሚነቀል ቡሽ ከሆነ ለማስቀመጥ ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ የሚቆየው ረጅም ሙሉ ቡሽ ያለው ነው።

"ከፈትነው፣ ታችኛው እንደ ጠላ አተላ ሆነብን። ተጭበርብረን ነው?" (ከወረታ)

አልተጭበረበራችሁም፣ ቪንቴጅ ሳይጣራ ስለሚታሸግ ዝቃጭ ይጥላል፣ በቆየ ቁጥርም ይበዛል። ከመክፈታችሁ በፊት ጠርሙሱን አንድ ሙሉ ቀን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አተላው ወደ ታች ይውረድ። ከዛ ከአንገቱ ጀርባ ጧፍ አብሩና ሳታቋርጡ በዝግታ ወደ ጆግ ቅዱት፣ በብርሃኑ ላይ ጥቁር ክር መስሎ አተላው ወደ አንገቱ ሲመጣ ታዩታላችሁ፣ እዛ ላይ ቁሙ። የስልክ መብራትም ይሰራል፣ ግን ጧፉ ሲሆን ዓይን አያጥበረብርም። አስር ጊዜ አዘንብሎ መልሶ ማቅናት ነው የሚያደፈርሰው፣ ያመነታ እጅ ጥሩውንም ያበላሻል። መጨረሻ የቀረችውን በንጹህ ሻሽ አጥልሏት።

ከተከፈተ በኋላ ወጣቱ ቪንቴጅ ፍሪጅ ውስጥ አራት አምስት ቀን ደህና ነው፣ የቆየው ግን በሁለት ቀን ይለቅ። ታውኒ ሳምንታት ይቆያል።

"እናቴ ቀይ ወይን ደም ይሆናል ብላ ከፖርቱ በየቀኑ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ጀምራለች፣ ስኳር አለባት።" (ስሟን ያልጻፈች)

እህቴ፣ ይሄን ዛሬውኑ አስቁሚያት። ፖርት በሊትር 100 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ አልኮሉ ደሞ ከቢራ አራት እጥፍ ያህላል፣ ለስኳር ከምትወስደው መድኃኒት ጋ ጥሩ አይደለም። ደምም አይሆንም፣ ቀለሙ ነው ሰውን የሚያሳስተው። ደም አንሷት እንደሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪያት። ጠርሙሱ ገና አልጋመሰ ከሆነ ደሞ እንዳይበላሽ ፍሪጅ ክተቺው፣ ቅዳሜ ጎረቤት ጥሪበት፣ በትንንሽ ብርጭቆ ለስምንት ሰው ይበቃል።