የደፈረሰውን ብልቃጥ አትድፉት

ይድረስ ሕክምና ለምትማሩ ልጆቼ፣ በተለይ ፓቶሎጂን፣ ከአካል የተወሰደ ናሙና አይቶ በሽታን የመለየት ሙያን፣ «የሬሳ ሥራ ነው» እያላችሁ ለምትሸሹት።

የኔ ውሎ ከስላይድ፣ ናሙና ከተቀባበት መስታወት ጋር ነው። አብዛኛው ስላይድ ደግሞ በሕይወት ካለ፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ውጤት ከሚጠብቅ ሰው የተወሰደ ነው። ሠላሳ ዓመት የንፍፊትና የደም ካንሰር ሳይ ኖርኩ። አንገቴ ጎበጠ፣ መነጽሬም ወፈረ። «በምርምር ምን አገኙ?» ትሉኛላችሁ። ያመለጠኝን ብነግራችሁ ይሻላል።

ገና ሬዚደንት፣ ስፔሻሊቲ የምማር ሐኪም ነኝ። የአንድ ወጣት ናሙና መጣ፤ ከአንገቱ እብጠት በመርፌ የተቀዳ። ልጁ ሌሊት ያልበዋል፣ ከስቷል። ሐኪሙ ከናሙናው ጋር በላከው ወረቀት፣ በሪኩዌስቱ ላይ «ቲቢ?» ተብሎ ተጽፏል። እኛ አገር አንገት ላይ ንፍፊት ሲያብጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ስላይዱ ላይ ግራኑሎማ አየሁ፣ ቲቢ ሲኖር የምናየው ዓይነት የሕዋሳት ክምችት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ ፈረምኩ።

ልጁ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ዋጠ። እብጠቱ ባሰበት። በመጨረሻ ንፍፊቱ ሙሉውን ወጥቶ ሲታይ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የንፍፊት ካንሰር ሆነ። የድሮውን ስላይድ ከሳጥን አወጣሁት። ዳር ላይ አንዲት ትልቅ ሕዋስ፣ ባለ ሁለት ኒውክለስ፣ እንደ ጉጉት ታፈጥብኛለች። የሆጅኪን ምልክት እሷ ናት፤ ያኔም እዚያው ነበረች። ግራኑሎማ ከሆጅኪን ጋርም እንደሚመጣ አንብቤያለሁ። ግን ወረቀቱ ቀድሞ ዓይኔን ጋርዶታል።

በዚህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ቶማስ ሆጅኪን በ1832 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ ናቸው) ለንደን ላይ ንፍፊታቸው ስላበጠ 7 ሕሙማን ጻፈ። ከሰባቱ ውስጥ ሌላ በሽታ የነበረባቸውም አሉ። በ1898 ሽተርንበርግ የሚባል ኦስትሪያዊ ፓቶሎጂስት ያችን ትልቅ ሕዋስ ሲገልጽ እንኳ በሽታውን የቲቢ ዓይነት አድርጎ ነው ያየው። በ1902 ዶሮቲ ሪድ የምትባል ሐኪም አሜሪካ፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ሕዋሷን ቁልጭ አድርጋ አሳየች፣ በሽታውንም ከቲቢ ለየችው። ከዚያ እዚያ ለሴት የማደጊያ ቦታ እንደሌለ ስትረዳ ለቅቃ ሄደች። ይሄ እስከዛሬ ያናድደኛል።

ከሁሉ የምወደው ግን የካምፓላው ታሪክ ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባል አይርላንዳዊ ቀዶ ሐኪም የልጆችን መንጋጋ የሚያሳብጥ ካንሰር አይቶ በ1958 ጻፈ። በኋላ ለንደን ላይ ሲናገር አንቶኒ ኤፕስታይን የሚባል ተመራማሪ ሰማውና ከጀርባው ቫይረስ አለ ብሎ ጠረጠረ። ናሙና ከኡጋንዳ በአውሮፕላን ይመጣለት ጀመር። ሁለት ዓመት ያህል ፈለገ፤ ምንም የለም። በ1963 መጨረሻ አንዱ የለንደን በረራ በጭጋግ ሳቢያ ማንቸስተር አረፈ። ብልቃጡ ዘግይቶ ሲደርስ ፈሳሹ ደፍርሷል። ሌላ ሰው ቢሆን ባክቴሪያ ገብቶበታል ብሎ ይደፋው ነበር። እሱ ጠብታ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። ፈሳሹን ያደፈረሱት ከዕጢው የተላቀቁ፣ በሕይወት ያሉ የካንሰር ሕዋሳት ናቸው! ከዚህ ተነስተው ሕዋሳቱን ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባት ቻሉ። በ1964 ከባልደረቦቹ ከአቾንግና ከባር ጋር ቫይረሱን አሳወቀ። ዛሬ ኤፕስታይን ባር የምንለው ነው።

ከዚያ ልጅ ወዲህ መጀመሪያ ስላይዱን አያለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን አነባለሁ፣ ከዚያ እንደገና ስላይዱን። ጊዜ ይፈጃል። አለቆቼ ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል።

ኢንተርን የሆናችሁ፣ እናንተም አግዙን። ሊምፎማ ከጠረጠራችሁ መርፌ ብቻ አይበቃም፤ ዓይነቱን የምንለየው የንፍፊቱን አወቃቀር አይተን ስለሆነ ሙሉውን አውጡልን። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፎርማሊን የናሙናው አሥር እጥፍ ይሁን። ጓንት ውስጥ ተቋጥሮ፣ ደርቆ የመጣ ንፍፊት አይቻለሁ፤ ከዚያ ምን ላንብብ? ሪኩዌስቱ ላይም ዕድሜውን፣ ላቡን፣ ክሳቱን፣ የጀመረውን መድኃኒት ጻፉ። «እብጠት» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ያበሳጨኛል።

የዚያ ወጣት ስላይድ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ስሙን ሸፍኜዋለሁ። አዲስ ሬዚደንት ሲመጣ ከነሪኩዌስቱ እሰጠዋለሁ። «ምን ታያለህ?» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ወረቀቱን አየት ያደርጉና «ቲቢ» ይሉኛል።